ከአንድ መምህር እግር ሥር

ልጄ፣ አየርላንድን የማየት ዕድል ከገጠመህ ወደ ክሎንማክኖይዝ ጎራ በል። በአገሪቱ መሀል፣ በሻነን ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ የጥንት ገዳም ፍርስራሽ ነው። ጣሪያቸው የወደቀ አብያተ ክርስቲያናት ታያለህ፤ ክብ የድንጋይ ግንብም አለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተቀረጸባቸው ጥንታውያን መስቀሎች ከዝናብና ከነፋስ እንዲጠበቁ ወደ ቤት ገብተዋል፤ ውጭ የቆሙት ቅጂዎቻቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ማን እንዳፈረሰው መጠየቅህ አይቀርም። ቶሎ የምትሰማው መልስ “ቫይኪንጎች” የሚል ይሆናል። ሐሰት አይደለም፤ እነዚህ የባሕር ማዶ ዘራፊዎች በ840ዎቹ ዓመታት በመርከብ መጥተው አቃጥለውታል። ግን በዚህ ብቻ አትርካ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ገዳሙን በ544 ገደማ የመሠረተው ቅዱስ ኪራን ነው፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግርህ። የአየርላንድ መነኮሳት አርአያቸው የግብፅ በረሃ አባቶች ነበሩ። የእኛ ገዳማት አባ እንጦንስን የመነኮሳት አባት እንደሚሉት ሁሉ፣ እነሱም እንጦንስንና ባሕታዊውን ጳውሊን በድንጋይ መስቀሎቻቸው ላይ ቀርጸዋቸዋል። አገራቸው በረሃ ስለሌለው አንዳንዶቹ ባሕሩን እንደ በረሃ ቆጥረው ወደ ውቅያኖስ ሸሹ፤ ስኬሊግ ማይክል በሚባለው ገደላማ ደሴት ላይ ዛሬም የድንጋይ ጎጆዎቻቸው ቆመዋል። ኪራን ግን መንገድ ዳር መረጠ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው ሻነን፣ ረግረጉን አቋርጦ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚሄደው የጠጠር ጉብታ መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው።

ምርጫው ፍሬ አፈራ። ኪራን ራሱ ብዙም ሳይቆይ በወረርሽኝ ቢሞትም ተማሪ ጎረፈ፣ ብራና ተጻፈ፣ አንጥረኛና ድንጋይ ጠራቢ ተሰበሰበ፣ ነገሥታት እዚያ መቀበርን ተመኙ። ከዝናው ጋር ርስት መጣ፤ ከርስቱ ጋር ገባር መጣ፤ ከገባሩ ጋር መሣሪያ የያዘ ሰው መጣ። ዋጋው መቆጠር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በ760 የክሎንማክኖይዝ ሰዎች ቢር ከሚባለው ገዳም ሰዎች ጋር ጦር ተማዘዙ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሽማግሌ ያኔ ያስፈልግ ነበር። አንተም ከወንድምህ ጋር በትንሽ ነገር ስትኳረፍ፣ ነገሩ ትንሽ ሳለ ሽማግሌ ፈልግ የምልህ ለዚህ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ764፣ ዱሮው ከሚባል ሌላ ገዳም ጋር ተዋጉ። ከዱሮው ወገን 200 ሰው መሞቱን የአየርላንድ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። የሞቱት ሁሉ መነኮሳት አይመስሉኝም፤ ብዙዎቹ የገዳሙን መሬት የሚያርሱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ዱሮውን የመሠረተው ቅዱስ ኮሉምባ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ኮሉምባና ኪራን ክሎናርድ በሚባል ገዳም፣ ከቅዱስ ፊኒያን እግር ሥር አብረው የተማሩ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ከአንድ ማዕድ የበሉ፣ ከአንድ አፍ የሰሙ። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሲያልፍ ልጆቻቸው ለመግደል ተሰለፉ። የሁለቱ ገዳማት ርቀት ዛሬ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። እነሱ ባዕድ አልነበሩም፤ ባሕር ተሻግረው አልመጡም። የቫይኪንግ መርከብ በአየርላንድ ዳርቻ ገና አልታየም ነበር!

አሸናፊው ክሎንማክኖይዝ ምን አተረፈ? ጎረቤቱን አደከመ። ከዚያ የከፋው ግን፣ እንደኔ እምነት፣ በገዳም ሰው ላይ ሰይፍ መምዘዝ እንደሚቻል ማሳየቱ ነው። በ833 የመንስተር ንጉሥ ፌድሊሚድ መጥቶ የክሎንማክኖይዝን ሰዎች ገደለ፤ መሬቱንም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አቃጠለ። እሱም አይሪሽ ነው፣ ክርስቲያንም ነው። ሲሞት ዜና መዋዕሉ ጸሐፊና ባሕታዊ ብሎ ነው የጠራው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምዕተ ዓመታትም ገዳሙን ከቫይኪንጎች ይልቅ ብዙ ጊዜ የዘረፉት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

በ1106 ማኤል ሙሪ የሚባል ጸሐፊ እዚያው ክሎንማክኖይዝ፣ በድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በዘራፊዎች ተገደለ። “የቡናማዋ ላም መጽሐፍ” የሚባለውን ብራና ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። በ1552 ከአትሎን ከተማ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከገዳሙ ደወሉን፣ መጽሐፉንና የመስኮቱን መስታወት ሳይቀር ሲወስድ፣ ያ ብራና አስቀድሞ በባላባቶች እጅ ገብቶ ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን እስረኛ ለማስለቀቅ ቤዛ ሆኖ ተሰጠ፤ በ1470 ደግሞ የሰጡት ባላባቶች በጦር ኃይል አስመለሱት። ዛሬ ደብሊን በሚገኘው የሮያል አይሪሽ አካዳሚ ተቀምጧል። የቀረው 67 ቅጠል ነው።