የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ለቆማችሁ

ልጆቼ፣ ስማችሁ በሕግ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ስለወጣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ድካማችሁን አውቃለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከተፈታኞቹ ውስጥ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም በሩ ጠባብ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ደስታው ይገባችኋል። ምዝገባው ሳይደርስ ሄዳችሁ ትምህርት ቤቱን ለማየት ማሰባችሁም ደግ ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው ግን ሄዶ ሕንፃ ያያል፣ በሩ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። እናንተ ሌላ ነገር እንድታዩ እፈልጋለሁ።

ምክሬን በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በኩል ልንገራችሁ። ከእናንተ መካከል ካርቱም የተወለዳችሁ፣ በዴም ወይም በጀሪፍ ያደጋችሁ፣ የሱዳኑን ጦርነት ሸሽታችሁ በገላባትና በመተማ በኩል አገራችሁ የገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ያንን ግቢ ከአጥሩ ውጭ እያያችሁ «አንድ ቀን እዚህ እገባለሁ» ስትሉ ኖራችኋል። ሌላኛው ምክንያቴ ግን ይበልጣል፤ ሕግ መማር ለአንድ አገር ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል እንደዚያ ፋኩልቲ ገልጦ የሚያሳይ በአካባቢያችን የለም።

ግቢው ከጥቁር ዓባይ ዳር ብዙም አይርቅም። ቀይ ጡቡን አይቶ የማይደነቅ የለም። መነሻው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የሱዳን ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የከፈቱት የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። የሕግ ትምህርት በ1930ዎቹ አጋማሽ ተጨመረበት፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ኮሌጁ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የእኛው የአዲስ አበባ ሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነውና የካርቱሙ ፋኩልቲ ታላቅ ወንድሙ ነው ማለት ይቻላል። ካርቱም ያስተማረው አሜሪካዊው ክሊፍ ቶምሰን ኋላ የአዲስ አበባው ፋኩልቲ ዲን ሆኗል። ይህን ያህል ስለ ሕንፃውና ስለ ዕድሜው ይበቃል። የትምህርት ቤት ማንነት የሚታየው ከበሩ በወጡት ሰዎች ነው።

ከመጀመሪያዎቹ የሕግ ምሩቃን አንዱ ባቢከር አወደላ ናቸው። ወታደራዊ አገዛዝ ከጣለው ከ1964ቱ የጥቅምት አብዮት በኋላ የሱዳን ዋና ዳኛ ሆኑ። በ1965 የአገሪቱ ምክር ቤት የኮሚኒስት ፓርቲውን አግዶ አባላቱን ከወንበራቸው አስነሣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1966 መጨረሻም እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተፈረደ። መንግሥት ፍርዱን አልፈጽምም አለ። ዋና ዳኛው ፍርድ የማይከበርበት ወንበር ላይ አልቀመጥም ብለው በ1967 ሥራቸውን ለቀቁ። እስከዚህ ድረስ ለሕግ ተማሪ ሁሉ አርአያ የሚሆን ታሪክ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን፣ በግንቦት 1969፣ ኮሎኔል ነሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት እኒሁ ሰው ነበሩ። ሕገ መንግሥት ተጣሰ ብሎ ወንበሩን የለቀቀ ዳኛ፣ ሕገ መንግሥቱን በታንክ ካፈረሱት ጋር ተሰለፈ። በወጣትነታችሁ ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት።

ሐሰን አል ቱራቢም እዚያው ሕግ ተምረው ለንደንና ፓሪስ ከዘለቁ በኋላ ተመልሰው የፋኩልቲው ዲን ሆኑ። በ1964 በዩኒቨርሲቲው በተካሄደ የደቡብ ሱዳን ጉዳይ ክርክር ላይ የጄኔራል ዓቡድን ወታደራዊ አገዛዝ በግልጽ ከተቹት አንዱ ነበሩ። ጥቅምት 21 ቀን ፖሊስ በግቢው ተማሪዎች ላይ ተኩሶ አሕመድ አል ቁረሺ የተባለ ተማሪ ሲሞት ሕዝቡ ተነሣ፤ አገዛዙም ወደቀ። ቱራቢ ራሳቸው ግን በ1979 የነሜሪ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ ከወታደራዊው አገዛዝ ጀርባ የነበሩ ዋና አሳቢ ነበሩ።

ከዚያው ፋኩልቲ በ1970 የተመረቁት አብዱላሂ አን-ናኢም በሌላ መንገድ ሄዱ። እዚያው ሕግ ያስተምሩ ነበር፤ የእስልምና ተሐድሶ አሳቢው የማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ደቀ መዝሙርም ነበሩ። ጣሃ ሃይማኖታቸውን ክደዋል በሚል ጥር 18 ቀን 1985 ካርቱም ውስጥ በስቅላት ተገደሉ። ነሜሪ ከወደቁ በኋላ፣ በ1986፣ የሱዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሻረው። ፍርዱ ተሻረ፣ ሰውየው ግን አልተመለሱም። አን-ናኢም አገራቸውን ለቀው በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ሃይማኖት፣ ስለ መንግሥትና ስለ ሰብአዊ መብት እያስተማሩና እየጻፉ ኖረዋል።

ለእኛ ቅርብ የሆኑት ግን አቤል አሊየር ናቸው። ከደቡብ መጥተው ካርቱም ሕግ ተማሩ፣ ዳኛም ሆኑ። በ1972 የአሥራ ሰባት ዓመቱን ጦርነት ያቆመው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ሸምጋይነት ሲፈረም የሱዳንን መንግሥት ልዑካን የመሩት እሳቸው ነበሩ። ስምምነቱ ከአሥር ዓመት ትንሽ በልጦ ቆየ፤ በ1983 ነሜሪ ራሳቸው አፈረሱት። አሊየር በኋላ ስለ ደቡብ ሱዳን መጽሐፍ ሲጽፉ ርእሱን ያደረጉት ያልተከበሩትን ስምምነቶች ብዛት ነው።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ግቢ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ዓይነት መጽሐፍ ተምረዋል። ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ያንኑ ችሎታ ሰጣቸው፤ ክርክር ማዋቀር፣ አንቀጽ መተርጎም፣ የባላጋራን ደካማ ጎን ማግኘት። ችሎታው ለማን እንደሚውል ግን ትምህርት ቤቱ አልወሰነላቸውም። ለእናንተም አይወስንላችሁም። ሄዳችሁ ስትጎበኙ ልትመረምሩት የሚገባው ነገር ይኸው ነው፦ ይህ ቦታ ችሎታ ከመስጠት አልፎ ሰው ወደ ኅሊናው እንዲመለስ የሚያደርገው ነገር አለው ወይ?

ይህ ደግሞ ከመግቢያ በር ላይ አይታይም። ቀጠሮ ተይዞላችሁ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ በተጠረገበት ቀን አትሂዱ። ተራ የሥራ ቀን፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ሂዱ። መምህሩን አስፈቅዳችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። የሚባለውን ባትረዱ አይክፋችሁ፤ እናንተ ተማሪዎቹን አስተውሉ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ በዚህ አልስማማም» ሲል ምን ይሆናል? መምህሩ ምክንያቱን ጠይቆ ይከራከረዋል ወይስ ፊቱን ያጠቁራል? አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ድሃው ባለርስት ከመኳንንቱ ፊት ቆሞ ቃሉን ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻ ይናገር ነበር። ይህ መብት በክፍል ውስጥ ከሌለ በፍርድ ቤት ከየት ይመጣል? ዲኑን ከመጠየቃችሁ በፊት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት የወጡት የት እንደገቡ ይንገሯችሁ። ሁሉም ባንክና ትልልቅ ድርጅት ገብተው ከሆነ፣ ለድሃ ጥብቅና የቆመ ማን እንዳለ ጠይቁ፤ ስም ካልጠሩላችሁ ልብ በሉ።

ካርቱም ያደጋችሁ ከሌሎች የምትበልጡበት አንድ ነገር አለ፤ የሕግ ትምህርት ቤትን ሳታዩ ከሻን፣ የፖሊስን አፈሳ፣ አይታችኋል። ለማያውቁት ልግለጽላቸው። አንዲት ሴት መንገድ ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ምድጃዋን አቀጣጥላ፣ ጀበናዋንና የሻይ ብርጭቆዎቿን በትንሽ ጠረጴዛ ደርድራ፣ በገመድ የተጠለፉ አጫጭር በርጩማዎች ለደንበኞቿ ዘርግታ ትሸጣለች። ሱዳናዊት ልትሆን ትችላለች፣ የጎንደር ወይም የአስመራ ልጅም ልትሆን ትችላለች። ድንገት መኪና ይመጣል። በርጩማው፣ ምድጃው፣ ማንቆርቆሪያው ሁሉ ተጭኖ ይሄዳል። ደረሰኝ የለም፣ ክስ የለም፣ «ለምን?» ብላ የምትጠይቀው ዳኛ የለም። መታወቂያዋ ካልተሟላ እሷም አብራ ትጫናለች። ለዚህ ለብዙ ዓመት አንዱ መሠረት የሆነው የካርቱም ግዛት የ1996ቱ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ነበር፤ የሽግግር መንግሥቱ በኅዳር 2019 ሻረው። ሕጉ የታወጀው ካርቱም ውስጥ ነው፤ የሕግ ፋኩልቲው በነበረበት ከተማ።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። የዚያች ሴት ማንቆርቆሪያ ጭብጦዋ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያንገበግበው ያለ ፍርድ መሄዱ ነው። ውል፣ ንብረት፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት የሚሉ ትምህርቶች ውስጥ ስትገቡ እያንዳንዱን አንቀጽ እሷ ፊት አቁማችሁ ፈትኑት። ይህ አንቀጽ ማንቆርቆሪያዋን ያስመልስላታል? ማን ዘንድ ትሂድ? በስንት ቀን ውስጥ? የዳኝነት ከፍላ ነው ወይስ በነፃ? እነዚህን መመለስ የሚችል ተማሪ ሕግ አውቋል።

ቤተ መጻሕፍቱን ሳታዩ አትመለሱ። መጻሕፍቱን መቁጠር ሳይሆን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች የታተሙበትን ጥራዝ ጠይቁ። ካርቱም ውስጥ ከነፃነት ዘመን ጀምሮ የወጣው የሱዳን የሕግ መጽሔትና የውሳኔዎች ስብስብ አለ፤ እኛ ጋ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ቅጾች አሉ። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከወጣ ጀምሮ የሰበር ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ስለዚህ አዋጁን ብቻ አንብቦ ሰበሩን ያላነበበ ጠበቃ ደንበኛውን ገደል ይከታል። አንዱን ቅጽ አውጡና አጭር ውሳኔ ምረጡ። ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ማን ማንን ከሰሰ፣ ምን ጠየቀ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ምን አሉ፣ ሰበሩ የለወጠው የቱን ነጥብ ነው፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው። አንድ ሰዓት ይፈጅባችኋል፤ ሁለት ጊዜ ታነቡታላችሁ። ከጨረሳችሁ በኋላ «ቀጥሎ ያለውንስ?» የሚል ጉጉት ከተሰማችሁ ይህ ሙያ የእናንተ ነው። ከሰለቻችሁም ዛሬ ማወቁ ከአምስት ዓመት በኋላ ከማወቅ ይሻላል፤ ለወላጆቻችሁ ደፍራችሁ ንገሯቸው።

የቋንቋውን ነገር ቀድማችሁ ዕወቁት። ካርቱም ውስጥ ሕግ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ በ1990ዎቹ ዐረብኛ ተተካ። በእናት ቋንቋ መማር ትልቅ ነገር ነው፤ የዚያኑ ያህል ግን ቀደምት ዳኞች በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ውሳኔዎች ለአዲሱ ትውልድ እንደ ባዕድ ሆኑበት። የእኛ ችግር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ትማራላችሁ፣ ችሎት ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ትከራከራላችሁ። በእንግሊዝኛ ጎበዝ የነበረ ምሩቅ የመጀመሪያ የክስ አቤቱታውን በአማርኛ ሲጽፍ ብዕሩ ሲቆምበት አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የምትማሩትን ሁሉ ማታ ማታ በምትሟገቱበት ቋንቋ መልሳችሁ ጻፉት። ይህን ማንም አያዛችሁም፤ ፈተናም የለውም።

ከግቢው ስትወጡ ወደ ቤት አትሂዱ፤ አቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት ሂዱና አንድ ጠዋት ተቀመጡ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ስልካችሁን ዝጉ፣ ዳኛው ሲገቡ ተነሡ፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጠበቃ ያላቸውንና የሌላቸውን ለዩ። የሌላት እናት መዝገቧን በፌስታል ይዛ ቆማ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ስትባል ፊቷን አስተውሉ፤ የተባለችው ገብቷት እንደሆነና እንዳልሆነ ተመልከቱ። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ብትጠይቃችሁ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ አስረዷት። ለዚህ ያህል የሕግ ባለሙያ ለመሆን ዲግሪ አያስፈልግም።

በመጨረሻ የምናገረው ትምህርት ቤታችሁ በጦርነት ለተወሰደባችሁ ነው። ሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሲጀመር ተማሪዎችና ሠራተኞች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መውጫ አጥተው ለቀናት ቀርተው ነበር። በጥይት የሞተ አንድ ተማሪ ወደ ቤተሰቡ ሊወሰድ ስላልቻለ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀበረ። ያን ግቢ ለመጎብኘት ስታልሙ የነበራችሁ ዛሬ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማችኋል። እንደ ሁለተኛ ምርጫ አትዩት። እናንተ ሕግ ሲጠፋ ከተማ ምን እንደሚመስል ያያችሁ ናችሁ፤ ይህን የትኛውም መምህር ክፍል ውስጥ ሊያሳይ አይችልም።

አንድ ተግባራዊ ነገርም አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕግ ትምህርት ቤቶች ለድሆች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው፤ የት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁና ሄዳችሁ ተዋወቁ። በመተማ በኩል የገቡ ሱዳናውያን ስደተኞች ከመታወቂያ፣ ከቤት ኪራይ፣ ከልጆች ትምህርት ጋር የተያያዘ ችግር ሲገጥማቸው የሚናገሩት በዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ የሚሰማ የሕግ ሰው ግን እዚህ ብዙ አይገኝም። እናንተ በዴም ጎዳና ላይ እየተጫወታችሁ የተማራችሁት ዐረብኛ አላችሁ። ለማዕከሉ ኃላፊ ስማችሁንና ስልካችሁን ስትሰጡ ዐረብኛ እንደምትችሉ አስመዝግቡ፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብትሆኑም ለአስተርጓሚነት ይፈልጓችኋል።