በመድኃኒት ፊት ይሉኝታ የለም

ተቀመጡ። የቡይት ራስ ነፋስ ይጋርፋል እንጂ ሰው አይበላም። ጋውናችሁን አየሁት፤ ነጭ ነው፤ ያምርባችኋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶቻችን ግን ጥምጣም ጠልተው አልነበረም።

ትናንት ከእናንተ አንዱ ካርድ እያነበበ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆመ። «አንተ እገሌ ነህ?» አለ። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው «አዎ የኔ ጌታ» አሉ። ጎረቤቴ ናቸው። ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ስማቸውም ሌላ ነው። እኔ ባልደርስ የሌላ ሰው ክኒን ይውጡ ነበር። «አንተ» ማለቱን ለጊዜው ልተወው፤ እሱን እናቱ ትቆጣው።

የእኛ አገር ሰው ነጭ ለለበሰ «አይደለሁም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ስሙን አትንገሩት፤ እሱ ይንገራችሁ። «ስምዎ ማን ይባላል? የአባትዎስ? የአያትዎስ?» በሉ። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው በስምም በአባት ስምም ሊገጥም ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በክርስትና ስሙ ካርድ አውጥቶ በቤት ስሙ ይጠራል። ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት እያላችሁ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችሁ ትደግማላችሁ። አምስቱንም የሚያፈርሳቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይሉኝታ። በሽተኛው ለመናገር ያፍራል፤ እናንተም ለመጠየቅ ታፍራላችሁ።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ድሬሰር ሆኜ ጀምሬ ወደ ነርስነት ባደግሁበት ዘመን ነው የተማርሁት። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንዲት እናት የአራት ቀን ሕፃን በሌሊት ይዛ መጣች። ጡት እምቢ ብሏል፤ ገላው ይነድዳል። ስመዝነው ሦስት ኪሎ ነው። ጄንታማይሲን ታዘዘለት፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው 15 ሚሊ ግራም። እጄ የለመደው የሕፃናቱን አምፑል ነበር፤ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ያለበትን። ከዚያ 1.5 ሚሊ ሊትር ከሳባችሁ 15 ሚሊ ግራም አገኛችሁ ማለት ነው። ያን ሌሊት ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ግን የአዋቂው ነበር፤ በዚያችው 2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም። አምፑሉ ያው፣ ስሙ ያው፣ ውኃ የመሰለው ፈሳሽም ያው። እኔም እንደ ልማዴ 1.5 ሳብሁ።

እስቲ አስሉት። ወረቀት አታውጡ፤ በቃል። ስልሳ! አራት እጥፍ። ከዚያ አምፑል ለዚያ ሕፃን የሚበቃው የአንድ ሚሊ ሊትር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጄንታማይሲን ሲበዛ የሚበላው ኩላሊትንና የውስጥ ጆሮን ነው። ልጁ ከትኩሳቱ ድኖ ይሄዳል፤ እናቱም መርቃችሁ ትሄዳለች። ከዓመት በኋላ ከጀርባው ስትጠራው ዞር አይልላትም። ማን እንዳደነቆረው ግን የሚያውቅ የለም።

ስስብ ልቤ «ኧረ ይሄ ነገር» ብሎኝ ነበር፤ የአምፑሉ ጽሕፈት ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ተረኛዋ ሲስተር ግን ቀን ሙሉ ስትሮጥ ውላ ገና ጋደም ማለቷ ነው። ልቀሰቅሳት አፈርሁ። «ይህን እንኳ አያውቅም» እንዳትለኝም ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸኛው ነው። የሕፃኑ ልቅሶ ቀስቅሷት ኖሮ በር ላይ ደርሳ እጄን በጥፊ መታችው። ሲሪንጁ መሬት ወደቀ። «አምፑሉን አንብብልኝ» አለች። አጉረመረምሁ። «ጮክ ብለህ!» አለች። ጮክ ብዬ ሳነብ «ሰማንያ» ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። የዚያች ጥፊ ዕዳ እስከ ዛሬ አለብኝ።

እናንተ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲባል አድጋችሁ ፈተና ላይ ብቻ ትጠይቃላችሁ። የሐኪሙ ጽሕፈት ካልተነበበላችሁ ሂዱና አስነብቡት። 5 ይሁን 50 ካጠራጠራችሁ በሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱት፤ ቢቆጣ ይቆጣ። ሐኪም ተቆጥቶት የሞተ ነርስ አላየሁም።

በሽተኛውንም በሚዛን እመኑት እንጂ በአፉ አትመኑት። ከደባርቅና ከዳባት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው ጎረምሳ ጣፊያው አብጦ ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ስንት ትመዝናለህ ብትሉት «ስልሳ» ይላችኋል፤ ሲወርድ የነበረውን ነው የሚነግራችሁ። አቁማችሁ ብትመዝኑት አርባ ነው። የካላዛሩ መድኃኒት ስቲቦግሉኮኔት በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነውና ለአርባ 800፣ ለስልሳ 1200 ይሆናል። ይህ መድኃኒት ልብንና ቆሽትን የሚነካ ነው፤ ለጎረምሳ ኩራት ተብሎ 400 ሚሊ ግራም አይጨመርም። እናቶቻችን ኮሶ እንኳ ሲያጠጡ የሰውየውን አቅም አይተው ነበር፤ የበዛ ኮሶ ዓይን እንደሚያጠፋ ያውቁ ነበርና።

ወባ ይዞት ለመጣው ደግሞ ኮአርተም ትሰጡታላችሁ፤ ለአዋቂ አራት አራት ክኒን፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ በድምሩ 24። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተዋጠ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ታዲያ ዐቢይ ጾም ላይ «ወተት ጠጣበት» ብላችሁት ዞር ስትሉ ሰውየው ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? «እሺ» ይልና በባዶ ሆዱ ይውጠዋል። «እንደምትጾም አውቃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ትፈቅዳለች፣ እምቢ ካልህ ግን ዘይት ያለበት የጾም ወጥ ብላና ዋጥ» በሉት። ስለ ጾም ማውራት የቄስ ሥራ ነው ብላችሁ አትፈሩ።

የኮአርተሙ ሁለተኛ መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ ከዋጠ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ካርዱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር «8» ብላችሁ ትታችሁት ብትሄዱ፣ ተረኛው በእኛ አንብቦ የምሽቱን መጠን ከቀኑ 8 ሰዓት ይሰጠዋል። ስድስት ሰዓት ቀድሞ! ቀን ወይም ማታ፣ የእኛ ወይም የፈረንጅ ብላችሁ ጻፉ። የዓመቱም ነገር እንዲሁ ነው። ጥር 2017 ላይ አንድ ልጅ የሚያልቅበት ዘመን 2024 የተባለ ካርቶን አንሥቶ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቁጥሩ የፈረንጅ ነበር፤ መድኃኒቱም አልፎበታል።

ሳትሰጡ የምትፈርሙት ፊርማ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ስታስቡት ራሳችሁ እፈሩበት። ሰውየው ተኝቶ ነበር፣ አሳዘነኝ፣ ኋላ እሰጠዋለሁ ብላችሁ ፈርማችሁ ትሄዳላችሁ። ቀጣዩ ተረኛ ፊርማውን አይቶ ይዘለዋል። ካልሰጣችሁ «አልተሰጠም» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ። ተሳስታችሁ ከሰጣችሁም ወዲያው ተናገሩ፤ ገና ሊደረስበት ይችላል። የማይደረስበትም አለ፤ በየአራት ሳምንቱ ለልብ ሕመም የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ጡንቻ ውስጥ እንጂ ደም ሥር ውስጥ አይገባም፤ ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል። አድሬናሊን አጠገባችሁ ሳይኖር አትንኩት። «ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው አሳክኮዎት ወይም አፍኖዎት ያውቃል?» ማለትንም አትርሱ።

ለምን እዚህ እንደመጣችሁም አትርሱ። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ ነው። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አንድ ላይ አስተምሮ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። እናንተንም እዚህ ዳገት ያወጣችሁ ያ ልማድ ነው፤ ጭላዳ ልታዩ አልመጣችሁም።

አንተ፣ የክትባቱን ሣጥን እዚያ ውርጭ ላይ ማን አስቀምጥ አለህ? ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ ነው ያለህስ ማነው? ፔንታውና ቴታነሱ ከረጉ አልቆላቸዋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው ቤታቸው። እዚህ ሌሊት በባልዲ ያለ ውኃ ይረጋል። ወደዚህ አምጣው። ብልቃጡን አውጣና አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ጮክ ብለህ። ስንት ዓመት ይላል? የእኛ ነው የፈረንጅ?