ሳያውቁ ስለ ሰጡት ገንዘብ

ሰው ከገበያ ሲመለስ የተቀበለውን መልስ ቈጥሮ ወደ ኪሱ ይጨምራል እንጂ እያንዳንዱን ሳንቲም እየገለበጠ አይመረምርም። ገንዘብም የሚመታው ስለዚሁ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ሳይለይ ከእጅ ወደ እጅ እንዲያልፍ ነው። ነገር ግን በየአገሩ ከመልሳቸው መካከል ከጓደኞቹ የተለየውን ሳንቲም እየፈለጉ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ዓመቱ የጐደለበትን፥ ፊደሉ የተደረበበትን፥ ጠርዙ ሌላ የሆነውን ይለቅማሉ። ይህ ሥራ በላይ በላዩ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ለእኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን በውስጡ አንድ ከባድ ጥያቄ ተሰውሮበታል። ሰጪው ዋጋውን ሳያውቅ የሰጠውን ተቀባዩ እያወቀ ዝም ብሎ ቢይዘው፥ የያዘው የማንን ገንዘብ ነው?

በአገራችን ሳንቲም መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዘጠኝ ዕንቍ አንድ በአንድ ይቈጥሩ ነበር፤ ተፍቆ ወይም ጐድሎ ያገኙትንም ብር አንቀበልም ይሉ ነበር። ንግሥቲቱ የሞተችው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ፥ በቪየና ቢመታ፥ ከ1935 ዓ.ም. ወዲህም በሮማ፥ በሎንዶንና በቦምባይ ቢመታ፥ ያው 1780 ተጽፎበታል። እንግዲህ ዓመቱ አይለውጥምና መርማሪው በጌጡ ላይ ቢያፈጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልብ በል፥ አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን የተለየውን የሚፈልጉት ለመጣል ነበር፤ የዛሬው ሰብሳቢ የሚፈልገው ለማስቀረት ነው።

በአሜሪካ አገር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ገንዘብ መምቻ ቤት የአንዱ ሳንቲም መምቻ ፊደሉና ዓመቱ ተደርቦ ተቀርጾ ኖሮ፥ ጽሕፈቱ ድርብ የሆነ ብዙ ሳንቲም ተመታ። ሹሞቹ ነገሩን ቢያውቁም ከደኅነኛው ጋር ተቀላቅሎ ስለ አገኙት ሁሉን ከማቅለጥ ይልቅ ይውጣ አሉ፤ 20,000 ያህልም ወደ ሕዝቡ ወጣ። በዚያ ዘመን ሲጋራ የሚሸጥ መኪና ሃያ አምስት ሳንቲም ይቀበል ነበር፤ የሲጋራው ዋጋ ሃያ ሦስት ስለ ነበረ ሁለቱ ሳንቲም መልስ ከሲጋራው ጋር ተጠቅልሎ ይወጣ ነበር። ብዙ ሰው ድርቡን ሳንቲም ያገኘው ከዚያ ጥቅልል ውስጥ ነው፤ ዛሬ አንዱ ከሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። በዚህ ነገር የተበደለ ሰው አላይም። መንግሥቱ እያወቀ ለቀቀው፤ መኪናውም ፊት የለውም። ጥያቄው የሚነሣው በሳንቲሙ ማዶ የሰው ፊት ሲኖር ነው።

በ1981 ዓ.ም. በጎጃም የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በመንገድ ዳር ጨውና ቆሎ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ሳንቲሙን በጣታቸው እየዳሰሱ ይቈጥሩ ነበር። አንድ ማታ ጨው ገዝቼ ከተቀበልሁት መልስ አንዱ ሳንቲም ከበደኝ። በጎጆዬ ገብቼ በጧፍ ብርሃን ባየው የንጉሡ መልክ ያለበት የቀድሞው ሃያ አምስት ሳንቲም ሆነ፤ እርሳቸው ዐሥር ሳንቲም መስሏቸው ሰጥተውኛል።

የዚህን ሳንቲም ነገር አውቅ ነበር። 1936 ዓ.ም. ከተጻፈባቸው ገንዘቦች መካከል የመዳቡ ሃያ አምስት ሳንቲም በመጀመሪያ የወጣው ጠርዙ ክብ ሆኖ ነው፤ መጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለ ተቀራረበ ግን ከገበያ ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመው በፋንታው ወጣ። ስለዚህ ክቡ ከተከረከመው ይልቅ ጥቂት ነው። ይህን የነገረኝ አሮጌ ገንዘብ እየገዛ ወደ ከተማ የሚወስድ ነጋዴ ነበር፤ ክቡን ባገኝ ሃያ ብር እንደሚሰጠኝም ነግሮኝ ነበር። ሃያ ብር በዚያን ጊዜ ለቆሎ ተማሪ ምን ማለት እንደ ነበር፥ በአኮፋዳ ያልለመነ ሰው አያውቀውም።

ያን ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ሴትዮዋ በፈቃዳቸው ሰጡኝ፤ አልሰረቅሁም፤ አላታለልሁም። ይልቁንም በገበያ የማይሄድ ገንዘብ ስለ ሰጡኝ በሕግ ቢታይ የዐሥር ሳንቲም ዕዳ ያለባቸው እርሳቸው ናቸው። ደግሞም ዕውቀት የደከመበት ሰው ሀብት ነው፤ እኔ ያወቅሁትን እርሳቸው አለማወቃቸው የእኔ ኃጢአት አይደለም። በወንጌል የተነገረውስ ሰው በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ አግኝቶ መልሶ ሰውሮ እርሻውን ገዝቶ የለምን? ይህን ሁሉ አልሁ። ምሳሌው ግን የመንግሥተ ሰማያትን ክብር ሊያስረዳ ተነገረ እንጂ የገበያ ሕግ ሊሠራ አልተነገረም። ያም ሰው ያለውን ሁሉ ሸጧል፤ እኔ የሸጥሁት ነገር አልነበረም።

ኋላ እንዳነበብሁት፥ የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ስለ ተገቢ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር ይመረምራል። በሮዶስ ደሴት ረኃብ ሆኖ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቢደርስ፥ ሌሎች መርከቦችም ከኋላው እንደሚመጡ ቢያውቅ፥ ይናገርን ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋንስ የተባለው የባቢሎን ሰው ዝም ማለት መሸሸግ አይደለም ይላል፤ አንቲጳጥሮስ ግን ይናገር ይላል። ሲሴሮም ከአንቲጳጥሮስ ጋር ይቆማል። ቀጥሎም ወርቁን ናስ መስሎት የሚሸጥ ሰው ቢገኝ ደግ ሰው ይንገረው ወይስ በርካሽ ይግዛው ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ ከመርከቡ ይልቅ ይህ ይከብደኛል። የሮዶስ ሰዎች ነጋዴውን እንደ ነጋዴ ይጠረጥሩታል፤ ወርቁን በናስ የሚሸጥ ሰው ግን የሚጠረጥረው ነገር የለውም። የእኔዋም ባልቴት ያመኑት ሳንቲሙን አልነበረም፤ እኔን ነበር እንጂ፤ ሲመሽ መልሱን ከእጃቸው ራሴ እንድለቅም ይተዉልኝ ነበርና።

በማግሥቱ ሄድሁና፦ «እማማ፥ ትናንት የሰጡኝ ሳንቲም አሮጌ ነው» አልኋቸው።

ደነገጡ። «ውይ ልጄን! የሞተ ገንዘብ ሰጠሁህ? ለተማሪ!» አሉና መቀነታቸውን ፈትተው ሌላ ዐሥር ሳንቲም በእጄ አኖሩ። «ያንንስ?» ብላቸው «ምን ያደርግልኛል፥ አንተው ጣለው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ስለ ሃያው ብር መናገር ይገባኝ ነበር፤ አልተናገርሁም። በጉባኤ ቤት ሌሊትና ቀን ኅብር ስቈጥር፥ አንዱን ቃል በሁለት ፍች ስገለብጥ እኖር ነበር፤ «አሮጌ» ስልም እኔ ብርቅ ማለቴ ነበር፤ እርሳቸው ግን የማይረባ ብለው ሰሙ። በሁለቱ ፍች መካከል ቆሜ ዐሥር ሳንቲም ተጨማሪ ተቀብዬ ተመለስሁ። ዝም ብዬ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ያሳጣኋቸው አንድ ነገር ነበር፤ እውነቱን በግማሽ በመናገሬ ሁለት ሆነ፤ በዚያ ላይ እፍረቱን ጨመርሁባቸው።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ፤ በነጋም ጊዜ እንዲሁ አልሁ። ከዚያም ወደ ሌላ መምህር ሄድሁ። ሳንቲሙን ለነጋዴው አልሸጥሁትም፤ ይህንንም እንደ ጽድቅ አልቈጥረውም፤ ያልሸጥሁት ሃያ ብሩን ስለ ፈራሁ ነው። ሁለቱም ሳንቲሞች እስከ ዛሬ በአንድ ከረጢት አሉኝ። አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ወጣቶች ወደ ቤቴ ሲመጡ ክቡን አወጣና አሳያቸዋለሁ፤ ጠርዙንም ዳስሰው ያደንቃሉ። ዐሥር ሳንቲሙን ግን አላሳያቸውም።