ድምፅ ይቅደም ወይስ ፍች? ሕፃናትን በቤት ግዕዝ ማስጀመር

ግዕዝን ለሕፃን ልጅ በቤት የሚያስጀምር ወላጅ መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት አንድ የእምነት ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ልጁ ፍቹን ሳያውቅ በቃሉ የሚደግመው ጸሎት ጸሎት ይባላል ወይ? ይባላል ያለ ወላጅ ከድምፅ ይጀምራል፤ አይባልም ያለ ከፍች። የየኔታ ትምህርትና በመጻሕፍት መደብር የሚሸጡት አዳዲስ የግዕዝ መማሪያዎች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቱ መልስ የታወቀ ነው። ልጅ በንባብ ቤት ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ያነባል። ንባቡ በደረጃ ነው፤ ፊደሉን እየነጠለ በቁጥር ይጀምርና በግዕዝ ንባብና በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ ላይ ይደርሳል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ሥርዓቶች የሚያርመው የየኔታ ጆሮ ነው። 150ው መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም እስኪያልቁ ድረስ ግን ፍችን የሚያነሣ የለም። ስምንቱ የግስ አርእስት፣ ከቀተለ እስከ ጦመረ፣ ከነርባታቸውና ከነአገባባቸው የሚመጡት በቅኔ ቤት ነው። የመጻሕፍቱ ምሥጢር በአማርኛ የሚተነተነው ደግሞ ከዚያም ወዲያ በመጽሐፍ ቤት በአንድምታ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ድግስ ይደገስለታል፤ የደገመውን ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና አልጠየቀም።

ይህ አሠራር ከልማድ የጠለቀ መሠረት አለው። የመጀመሪያው ቅዱስ ቃል በራሱ ክብር አለው፣ አንባቢው ስላልገባው ክብሩ አይቀንስም የሚል እምነት ነው። ሁለተኛው ስለ ዕድሜ ነው፤ የሕፃን አእምሮ ለመያዝ ፈጣን፣ ለመመርመር ገና ጨቅላ ስለሆነ የሚያዘው ቀድሞ ይሰጠዋል፣ ምርመራው በጊዜው ይመጣል። ሦስተኛው ብዙም የማይነገር ቢሆንም ከሁሉ ጠንካራ ነው፦ ዳዊት የሚገባው ኀዘንን፣ ፍርሃትንና ንስሓን ለቀመሰ ሰው ስለሆነ፣ ፍቹ ለሰባት ዓመት ልጅ ቢነገረውም ያው ገና አልገባውም።

ተቃራኒው ሐሳብ የሚደገፈው በራሱ በቅዱስ ጳውሎስ ነው። በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 14 ሐዋርያው በማይታወቅ ልሳን የሚጸልይ ሰው አእምሮው ፍሬ አልባ እንደሚሆን ይናገራል፤ በማስተዋል የሚነገሩ አምስት ቃላትንም ካለማስተዋል ከሚነገሩ እልፍ ቃላት ያስበልጣል። አውሮፓ ውስጥ በላቲን የሚደረገውን ቅዳሴ የነቀፉት የተሐድሶ ሰዎች ዋና ማስረጃቸው ይህ ምዕራፍ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1963 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ባጸደቀው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ ላቲንን ሳትጥል ለየሕዝቡ ቋንቋ ሰፊ በር ከፈተች። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ቅዳሴው በግዕዝና በአማርኛ እየተፈራረቀ መሰማቱ የተለመደ ነው።

ይሁንና የጳውሎስ ክርክር በሕፃናት ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ሐዋርያው የተጨነቀው ሰሚው አሜን ለማለት እንዳይቸገርና ጉባኤው ሳይታነጽ እንዳይቀር ነው። ሕፃን ልጅ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ቢሆን ሥላሴ፣ ጽድቅ፣ መንግሥተ ሰማያት እያለ ከመረዳቱ አስቀድሞ ይናገራል፤ ንግግርን ራሱን የተማረው እንዲሁ ነው። ስለዚህ የድምፅ መቅደም ነውር የለበትም። ነውሩ ድምፁ ቀድሞ ፍቹ ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀር ነው። የድሮው ሥርዓት ተማሪው ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል ብሎ ፍችን አቆየ፤ ብዙው ተማሪ ግን ከዳዊት በኋላ ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ ተመለሰ። ዕድሜውን ሙሉ ዳዊት እየደገመ የግዕዙን ፍች ሳያውቅ የኖረ ምእመን ጥቂት አይደለም። አምልኮው እውነተኛ ነው፤ ትምህርቱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ዛሬ በከተማ የሚያድግ ልጅ፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባው የአቃቂ ቃሊቲ ልጅ፣ ደግሞ ቅኔ ቤት የመግባቱ ነገር ከዚያም የራቀ ነው። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወይም በአቃቂ ፋብሪካዎች አካባቢ የሚያድግ ልጅ ሳምንቱን በመደበኛ ትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ ለግዕዝ የሚተርፈው ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው። በዚያ ላይ የአማርኛን ፊደል፣ የእንግሊዝኛን የላቲን ፊደልና ያንኑ ፊደል በሌላ አነባበብ የሚጠቀመውን የአፋን ኦሮሞ ቁቤ ይማራል። ግዕዝ በዚህ ሸክም ላይ አዲስ ፊደል አይጨምርም፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ደግሞ ብዙውን ሥርወ ቃል ከቤቱ ይዞት ይመጣል። አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ የሆነ ልጅ፣ በአካባቢውም ብዙ ናቸው፣ ቋንቋው ከኩሽ ወገን ስለሆነ ይህን ስንቅ አያገኝም። ለእርሱ የመጀመሪያው ፍች በአማርኛ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ ቢነገረው ይሻላል። ለሁለቱም ልጆች አንድ ዓይነት መጽሐፍ ገዝቶ እኩል ውጤት መጠበቅ ስሕተት ነው።

ሌሎች አገሮች ላቲንን ለሕፃናት ሲያስተምሩ በዚሁ ጥያቄ ተከራክረዋል። አውግስጢኖስ በኑዛዜው እንደሚተርከው ላቲንን ከሞግዚቶቹ ጋር እየተጫወተ ያለ ፍርሃት ተማረ፤ በዱላ የተማረውን ግሪክኛ ግን ጠላው። (የየኔታ አለንጋ ጠበቆች ይህን ክፍል ቢያነቡት አይከፋም።) የትምህርት ሊቁ ኮሜኒየስ በ1658 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለሥዕል መጽሐፍ ላቲኑን ከጀርመንኛው ጎን አስቀምጦ ቃሉን ከነገሩ ጋር አገናኘ። በ20ኛው መቶ ዘመን የዴንማርኩ ኦርበርግ ደግሞ ያለ ትርጉም፣ በራሱ በላቲን ብቻ፣ ከቀላል ዓረፍተ ነገር እየተነሣ የሚያስተምር መጽሐፍ አዘጋጀ። በተቃራኒው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሰንጠረዥ የሚያስጠኑም አሉ። አብዛኞቹ የግዕዝ መማሪያዎች ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ወገን ናቸው፦ አሥሩ ተውላጠ ስሞች፣ ከዚያ ቀተለ በአሥሩ መደብ፣ ከዚያ ቀጣዩ ግስ። ይህ ለአዋቂ ጥሩ ነው። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስም አቻ የሌለው ሀብት ነው፤ ቦታው ግን የወላጁ ጠረጴዛ እንጂ የሕፃኑ ቦርሳ አይደለም። ዕድሜው ከአሥር በታች ለሆነ ልጅ ሰንጠረዥ የየኔታን ቁጥር ያህል እንኳ አይጠቅመውም፤ ቁጥር ቢያንስ ዜማ አለው።

የሚሻለው መንገድ ድምፁን ከየኔታ ወስዶ ፍቹን ማፍጠን ነው። ልጁ አቡነ ዘበሰማያትንና ሰላም ለኪን በቅዳሴ ሰምቷቸዋል። በቃሉ እስኪይዝ ይደግማቸው፤ ከዚያ ስምከ፣ መንግሥትከ፣ ፈቃድከ የሚሉት ሦስቱ ቃላት በምን እንደሚመሳሰሉ ይጠየቅ። መጨረሻቸው ላይ ያለችውን «ከ» ራሱ ካገኛት የመጀመሪያውን ሰዋስው ያለ ሰንጠረዥ ተማረ ማለት ነው። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። አጻጻፍ ላይ ግን መላላት አይገባም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬው ንባብ አንድ ድምፅ ቢሆኑም፣ መሀረ ማስተማርን፣ መሐረ ምሕረትን ስለሚናገር ልጁ ከመነሻው ለይቶ ይጻፋቸው።

ግዕዝ የማያውቅ ወላጅ በመጽሐፍ ብቻ ቢተማመን ንባቡ ይበላሻል፤ መነሣትና መውደቅ በገጽ ላይ አይታይምና። የአውሮፓ የግዕዝ ጥናት አባት የሚባለው ሉዶልፍ እንኳ በመጽሐፍ የጀመረውን ያዳበረው በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ካገኛቸው ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ነው። በአቅራቢያው ባለ ደብር የሚያስተምሩ የኔታ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር በሳምንት አንዴ ንባቡን ቢሰሙለት ለብዙ ልጅ በቂ ነው፤ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ይረዳል እንጂ አያርምም።

ልጁ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይስት ካነበበና የየቃሉን ፍች ሲጠየቅ ከመለሰ፣ ወላጁ መልእክተ ዮሐንስን ያስጀምረው፤ በዚያው መንገድ እየሄደም ወደ ዳዊት ያሻግረው። የግስ ርባታው አሥር ዓመት እስኪሞላው ቢቆይ የሚጎድልበት ነገር የለም።