ለጠላትስ ቢሆን መዋሸት ይገባልን?



ስለ ስምንተኛው ትእዛዝ በተወያየንበት አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስብሰባ ላይ ከስማዳ የመጡ አንድ አረጋዊ ተነሥተው፣ «አባ፣ በጦርነት ጊዜ ለጠላት መዋሸትም ኃጢአት ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት የተማርኩትን መለስኩላቸው። መልሱ ግን እኔንም አላረካኝም። ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ የሚመላለሰው፣ ከስማዳ በሽሎን ተሻግሮ በሚገኘው በአማራ ሳይንት፣ በአጅባር፣ በ1933 ዓ.ም. የተፈጸመው ነገር ነው።

በዚያ ዓመት በጥር ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ሁለት ሺህ የማይሞላ ጦር እየመራ በጎጃም በኩል ገባ። ዊንጌት መጽሐፍ ቅዱስን እያነበበ ያደገ ሰው ስለ ነበር ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው። በመጋቢት መጨረሻ ከደብረ ማርቆስ የወጣው የኮሎኔል ማራቬንታኖ የጣሊያን ጦር ዓባይን ተሻግሮ ከወገኖቹ ለመቀላቀል ቢጓዝም፣ አዲስ አበባም ደሴም ከእጃቸው ስለ ወጡ መድረሻ አጥቶ አጅባር ላይ ቆመ። ከ1,000 የሚበልጡ ጣሊያኖችና ብዙ ሺህ አስካሪዎች ነበሩ። ያሳደዷቸው ግን ጥቂት እንግሊዛውያን መኮንኖች፣ ጥቂት ሱዳናውያንና የራስ ካሳ ኃይሉ አርበኞች ናቸው።

በዚህ ጊዜ ዊንጌት ለማራቬንታኖ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ እኔና እንግሊዛውያን መኮንኖች ከዚህ ስፍራ ልንነሣ ታዘናል፣ ፈጥናችሁ እጃችሁን ካልሰጣችሁ ጉዳያችሁ ከአርበኞች ጋር ይሆናል የሚል ነበር። እርሱ ግን የጀመረውን ሳይፈጽም ለመሄድ አላሰበም። ማራቬንታኖ ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። የተማረከው ሠራዊት ሲያልፍ የተቀበለው ሰልፍ እጅግ አነስተኛ ነበርና፣ ጣሊያኖቹ ምን ያህል እንደ ተታለሉ ሳይገባቸው አልቀረም።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የቅዱስ አጎስጢኖስን ትምህርት ተከትሎ ስለ ደፈጣ ሲያስተምር ሁለት ነገሮችን ይለያል። ሐሳብን ከጠላት መሰወር የተፈቀደ ነው፤ ሐሰት መናገርና የሰጡትን ቃል ማፍረስ ግን ለጠላትም ቢሆን አይገባም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ጌዴዎን 300 ሰዎችን ይዞ፣ በማሰሮ የተሸሸገ ችቦና ቀንደ መለከት አስይዞ ምድያማውያንን ሲያስደነግጥ አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ ብዙ ነን ብለው የገመቱት ራሳቸው ምድያማውያን ናቸው። ስሙን ከጌዴዎን የወሰደው ጦር አለቃ በዚህ ነጥብ ከጌዴዎን ተለየ።

«ደብዳቤው እኮ የብዙዎችን ነፍስ አድኗል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አጅባር በጦርነት ብትያዝ ኖሮ ደም በብዙ በፈሰሰ ነበር፤ ከሚሞቱትም የሚበዙት በባዕድ ባንዲራ ሥር የተሰለፉ አፍሪካውያን በሆኑ ነበር። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ወታደርን መውቀስ ለእኛ ለካህናት ቀላል መሆኑንም አልዘነጋም። እኔን ይበልጥ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ያ ደብዳቤ ጣሊያኖቹን ያስፈራራው በማን ነው? በአርበኛው ነው። እንግሊዛዊው ከሌለ ኢትዮጵያዊው ለምርኮኛ አይራራም የሚለውን የጠላት ግምት እንደ ጦር መሣሪያ ተጠቀመበት። የአርበኞቹም አለቃ፣ ከራስ ጉግሣ ወሌ በኋላ በጌምድርን፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴንም ጭምር ያስተዳደሩት ራስ ካሳ ነበሩ። በደብረ ታቦር የእርሳቸው እንደራሴ የነበሩት ልጃቸው ደጃዝማች ወንድወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በላስታ በኩል ተይዘው ተረሸኑ። በዚያው ወር ሁለቱ ልጆቻቸው አበራና አስፋ ወሰን፣ ምሕረት እንደሚደረግላቸው ተነግሯቸው ከገቡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ጣሊያኑ ይህን ያውቅ ነበር። ፍርሃቱን የወለደው የራሱ ወገኖች ሥራ እንጂ ያ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ሐሰቱ የተነገረው ለማራቬንታኖ ይሁን እንጂ፣ በሐሰት የተመሰከረው በራስ ካሳና በአርበኞቻቸው ላይ ነው። ስምንተኛው ትእዛዝ የሚከለክለው ደግሞ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ነው። እኔም በስብሰባው ላይ ስመልስ ጠላትን ብቻ አስቤ፣ ባልንጀራውን ረስቼው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ማለትም ከአጅባር መያዝ 18 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዝዘው ነበር። በአጅባር እጃቸውን የሰጡትም በምርኮኛ ወግ ተያዙ፤ ልጆቹ በቃል ክዳት የተገደሉበት አባት የበቀል ገበያ አልከፈተም።

ዊንጌት በ1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ፤ ለነጻነታችን ደክሟልና ይገባዋል፤ ይህን የምጽፈውም ውለታውን ለመካድ አይደለም። ለስማዳው መምህር ግን የቀድሞውን መልሴን አርሜ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። መልሳቸውን እጠብቃለሁ።