የሰው ወርቅ ሲያደምቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ተውሶ ያጌጠን ለማሳፈር የተነገረ ነው። ግን ቢያደምቅስ? ተበዳሪው በተዋሰው ጌጥ አምሮና ደምቆ፣ ተጨብጭቦለት፣ ሽልማቱንም ታቅፎ ቤቱ ቢገባ ምን እንለዋለን? ተረቱ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ነውሩን ያሰረው ከውጤቱ ጋር ነውና፣ ውጤቱ ሲያምር ነውሩም አብሮ ይጠፋል።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የአውሮፓውያኑን የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥንን፣ ያህል የተመቸ መስክ ማግኘት ያስቸግራል። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1956 በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ከተማ በ7 አገሮች ተጀመረ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ፣ ከአንድ ዓመት በስተቀር፣ በየዓመቱ አሸናፊ ይታወቃል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እያንዳንዱ አገር ካምናው አሸናፊ ምን እንደተማረ መድረክ ላይ ወጥቶ ያሳያል።

በ1974 ብራይተን ላይ ስዊድንን ወክሎ «ዋተርሉ» በተሰኘው ዘፈን ያሸነፈው «አባ» ነው። ስሙ ለእኛ ጆሮ የመነኩሴ ቢመስልም የአራቱ ዘፋኞች ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ የሚያብለጨልጭ ልብስ፣ ናፖሊዮንን መስሎ የወጣ የኦርኬስትራ መሪ፤ ሕዝቡ ይህን አይቶ ፈነደቀ። በ1976 ያሸነፈው የብሪታንያው «ብራዘርሁድ ኦፍ ማን» ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ነበር። በ1981 ደብሊን ላይ ያሸነፈው «ባክስ ፊዝ»ም እንዲሁ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ነው፤ ያውም ይኸኛው ለውድድሩ ተብሎ የተቋቋመ ቡድን ነበር። ጀርመንን በ4 ነጥብ ቀድሞ ድሉን ወሰደ። እንግዲህ የሰው ወርቅ አደመቀ ማለት ነው።

ይሁንና መመሳሰልን ሁሉ ኩረጃ ብሎ መፈረጅ አይገባም። በ1968 የስፔኗ ማሲዬል «ላ ላ ላ» ብላ የብሪታንያውን ክሊፍ ሪቻርድን በ1 ነጥብ በለጠችው። በተከታዩ ዓመት አራት አገሮች እኩል ነጥብ አምጥተው አራቱም አሸናፊ ተባሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የብሪታንያዋ ሉሉ «ቡም ባንግ አ ባንግ» ነበር። በ1975 የኔዘርላንድስ «ዲንግ አ ዶንግ»፣ በ1984 የስዊድን «ዲጊ ሉ ዲጊ ሌይ» አሸነፉ። ላዩን ሲያዩት ሁሉም የማሲዬል ደቀ መዛሙርት ይመስላሉ። ነገር ግን ዳኞቹ ቋንቋቸው ለየቅል የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ትርጉም የሌለው ድምፅ ደግሞ ለሁሉም እኩል ይገባል። አንድ ዓይነት በሽታ የያዛቸው ሁለት ሰዎች የግድ አንዱ ካንዱ ተጋብቶበት አይደለም፤ ውሃ የቀዱት ካንድ ወንዝ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም የባሰ የሚያሳስት ነገር አለ። በ2003 ሪጋ ላይ ቱርካዊቷ ሰርታብ ኤሬነር ያገሯን ቃና ከፖፕ ጋር አዋህዳ፣ በተወዛዋዦች ታጅባ አሸነፈች። በ2004 ኢስታንቡል ላይ ዩክሬናዊቷ ሩስላና በከበሮ ድምፅና በቆዳ ልብስ፣ በ2005 ኪየቭ ላይ ደግሞ ለግሪክ የዘፈነችው ኤሌና ፓፓሪዙ ተከታተሉ። «ቱርክ በሩን ከፈተች፣ የቀሩት ገቡበት» የሚል ሰው አይፈረድበትም። ሩስላና ግን በካርፓቲያ ተራሮች የሚኖሩትን የሁትሱሎችን ዜማና ምት ይዛ መሥራት የጀመረችው ከቱርክ ድል በፊት ነው። ኋላ የመጣ ሁሉ ተከታይ አይደለም።

ታዲያ ተከታይነቱ እውነት ሆኖ ሲገኝስ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ማንስ ተበደለ? «አባ» አልተበደለም፤ ዝናው ዓለምን አዳርሷል። ተመልካቹም አልተበደለም፤ ጨፍሯል። ዘፈንም እንደ መሬት በካርታ የተያዘ አይደለም፤ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት አብረው እንዳይዘፍኑ የሚከለክል የለም። ብዙዎች ክርክሩን እዚህ ላይ ይዘጉታል።

እኔ ግን መዝፈን አንድ ዓይነት ምስክርነት ነው እላለሁ። ዘፋኙ «ይህ ነገር ነክቶኛል፤ እናንተም ስሙት» ብሎ ሰው ፊት ይቆማል። አምና ዳኞችን የነካውን አጥንቶ የሚዘፍን ሰው ግን የሚመሰክረው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ዳኞቹ ነው። ከሰው የሰማውን እንዳየ አድርጎ ችሎት ፊት የሚናገር ምስክርን እናስብ። የተናገረው ነገር እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፍርዱም ትክክል ሊሆን ይችላል። ሰውየው ግን «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ምሏልና በሐሰት መስክሯል። ተረቱ ያላየው ይህን ነው፤ ወርቁ አደመቀም አላደመቀም ለባሹ «የራሴ ነው» ብሎ ወጥቷል።

«ታዲያ ሰው ሳይከተል በምን ይማራል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። የቅኔ ተማሪም የመምህሩን እየሰማ፣ መንገዱን እየተከተለ ነው የሚበስለው። ሆኖም ቁጠር በተባለ ጊዜ የመምህሩን ያምና ቅኔ መልሶ ቢያሰማ ማንም ባለቅኔ አይለውም። መምህሩ ደግሞ ተማሪውን ያውቀዋል፤ የማን ቃል የማን እንደሆነ ይለያል። የቴሌቪዥን ተመልካች ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም። በ1981 እነዚያ አራት ወጣቶች ዜማውን ከልባቸው ወደውት ከሆነ ምስክርነታቸው የራሳቸው ነው። በዚህ ምክንያት ዘፋኞች ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም።

የምጠይቀው ላኪዎቹን ነው። በየአገሩ ዘፈኑ በምን መንገድ እንደሚመረጥ የሚወስነው የዚያ አገር የብሮድካስት ድርጅት ነው። «ምን አለን?» ተብሎ የተጀመረ ስብሰባና «አምና ምን አሸነፈ?» ተብሎ የተጀመረ ስብሰባ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ስብሰባ ተበዳይ አለው፤ እሱም ያምናውን ስላልመሰለ ብቻ ከደጅ የተመለሰው ዘፋኝ ነው። ስሙን አናውቀውም፣ ዘፈኑንም አልሰማነውም። መበደሉን እሱ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

ውድድሩ ራሱ በእንደነዚህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ ሲያላግጥ ኖሯል። በ2006 አቴንስ ላይ የፊንላንዱ «ሎርዲ» የጭራቅ ጭምብል አጥልቆ፣ ጊታሩን እያስጮኸ በ292 ነጥብ አሸነፈ። በዓመቱ ሄልሲንኪ ላይ ያሸነፈችው ሰርቢያዊቷ ማሪያ ሼሪፎቪች ደግሞ ጭምብል የለ፣ እሳት የለ፣ በአገሯ ቋንቋ አዚማ ነው። ፖርቱጋል ከ1964 ጀምራ ስትሞክር ቆይታ በ2017 ሳልቫዶር ሶብራል እህቱ በደረሰችው ለስላሳ ዘፈን 758 ነጥብ አመጣላት። እሱም መድረኩ ላይ ሆኖ ሙዚቃ ርችት ሳይሆን ስሜት መሆኑን ለታዳሚው ተናገረ። በዓመቱ፣ እዚያው እርሱ ባመጣው ድል ሊዝበን ላይ በተሰናዳው ውድድር፣ የእስራኤሏ ኔታ እንደ ዶሮ እየተንቋቋች አሸነፈች። እንዲህ ቶሎ የተሻረ ስብከት አላጋጠመኝም። ከዚህ ተነስቶ «ኮራጅ አይቀናውም» ማለት ግን ወደ ተረቱ መመለስ ነው፤ «ባክስ ፊዝ» አለና።

የኔታን ዘፈን ከደረሱት አንዱ ዶሮን መዳሊ ነው። ይኸው ሰው ከኢዳን ራይክል ጋር ሆኖ ለ2020 ውድድር ሌላ ዘፈን ደረሰ። ዘፋኟ ከኢትዮጵያ ከሄደ ቤተሰብ ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ ናት፤ የዘፈኑ ርእስ «ፍቅር ልቤ»። በዕብራይስጥ፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ መካከል አማርኛችን ቁጭ ብሏል። ይህ አማርኛ ምስክርነት ነው ወይስ ጌጥ? ራይክል ከቤተ እስራኤል ዘፋኞች ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፤ መዳሊ ደግሞ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ምን እንደሚያሸንፍ ያየ። ለዘፋኟ ቃሉ የቤተሰቧ ቋንቋ ነው። አንዱ ቃል በአንዱ አፍ ጌጥ፣ በሌላው አፍ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ።

በመጋቢት 2020 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ የዚያ ዓመት ዘፈኖችም ለቀጣዩ አይሆኑም ተባለ። ኤደን በ2021 ሮተርዳም ላይ ሌላ ዘፈን ይዛ ቀረበች፤ አብዛኛው እንግሊዝኛ የሆነ፣ ድምፅዋን እጅግ ወደ ላይ የምትሰቅልበት። 17ኛ ወጣች። «ፍቅር ልቤ» ግን አላሸነፈችም፣ አልተሸነፈችምም። ዳኛ ነጥብ አልሰጣትም፤ «አምና ምን አሸነፈ?» የሚል ስብሰባም ስሟን የሚያነሳበት ምክንያት የለውም።