ሎሚ ሰዓቱን ይወዳል

ልጆቼ፣ ጎጆ ስትወጡ ስለ በርበሬ አደላለዝና ስለ ቅቤ አነጣጠር የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ስለ ሎሚ የሚመክራችሁ ግን ጥቂት ነው። «ትንሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት» ተብሎ ይታለፋል፤ መቼ፣ ምን ያህል፣ ለምን የሚለው አይነገርም። እኔ በወጥ ቤት ዕድሜዬ የተረዳሁት ሎሚ ሰዓቱን የሚወድ ነገር መሆኑን ነው። በሰዓቱ ከገባ ምግቡን ያጣፍጣል፤ ያለ ሰዓቱ ከገባ ምስሩ አልበስልም ይላል፣ ጎመኑ ቀለሙን ያጣል፣ ኬኩም አይነሳም። ስለዚህ የማውቀውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ከአመራረጡ ልጀምር። ከጉልትም ሆነ ከአትክልት ተራ ስትገዙ በትልቅነቱ አትታለሉ። እጃችሁ ላይ ከበድ የሚለውን፣ ልጣጩ ስስና ለስላሳ የሆነውን ምረጡ። የተጨማደደው ውሃው አልቋል። ከመቁረጣችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ ጫን እያላችሁ አንከባሉት፤ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ ጭማቂው በደንብ ይወጣል። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼ ደግሞ ለዶሮና ለአዚፋ ትንሿንና አረንጓዴዋን ግዙ፤ ለአገራችን ሎሚ የምትቀርበው እሷ ናት። ትልቋ ቢጫ ልጣጯ ወፈር ስለሚል ለኬክ ትመቻለች። ልጣጩን የምትጠቀሙበት ከሆነ ግን አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ በብሩሽ እሹት፤ እንዳይደርቅ ብለው ሰም ይቀቡታልና።

አሁን ወደ ዶሮው። ቆዳው ተገፎ በ12 ብልት የወጣው ዶሮ ሎሚና ጨው በገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ውሃው ይደፋል፤ ኩልል ብሎ እስኪጠራ ድረስም ይደጋገማል። የሎሚው ሥራ ዝልግልጉን ማስለቀቅና ጠረኑን ማጥፋት ነው። እጃችሁን ግን አይተካም። በጀርባ አጥንቱ በኩል በጎድኖቹ መካከል ተጣብቆ የሚቀረውን ሳንባና የረጋ ደም በጣታችሁ ጫፍ ፈልቅቃችሁ አውጡ፤ ከመገጣጠሚያው ላይ ያለውን ቢጫ ስብም በቢላ አንሱ። ጠረኑ የሚደበቀው እዚያ ነው። ዶሮውን በሎሚ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩት፤ ኮምጣጣው የሥጋውን ላይ አንጥቶ ያደርቀዋል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ አለበለዚያ የደከማችሁበት ቁሌት ይኮመጥጣል።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ሎሚ ዶሮን ያጸዳል እንጂ በሽታ አይገድልም። ጥሬ ዶሮ ላይ ያሉትን ጀርሞች የሚገድላቸው እሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ያጠባችሁበትን ሳህንና መክተፊያ በሳሙና እጠቡ፤ የዶሮው ውሃ ለሰላጣ ወደተዘጋጀው አትክልት እንዳይረጭ ተጠንቀቁ። ጥሬ ሥጋ ላይ ሎሚ ጨምቀው «የኮሶ ትል አይዘኝም» የሚሉም አሉ። ሎሚ የኮሶን ትል አይከላከልም፤ የሚከላከለው ሥጋውን ማብሰል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ አዚፋ ይምጣ፤ በጾም ቀን ሎሚ ክብሩ የሚታየው በአዚፋ ነውና። ድፍን ምስሩን ስትቀቅሉ ሎሚ አጠገቡ አይድረስ። ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬን ገለፈት ስለሚያጠነክረው እሳት ላይ ቢውልም አይለሰልስም። ምስሩ በውሃ ብቻ ይብሰል፣ ይጠንፈፍ፣ በማንኪያ ጀርባ ከፊሉ ደቀቅ ከፊሉ ድፍኑን ይሁን፣ ይቀዝቅዝ።

የሰናፍጩም ነገር እንዲሁ ነው። የተፈጨውን ሰናፍጭ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ በጥብጡና አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ሰናፍጭ ኃይሉን የሚያወጣው ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ሎሚው ቀድሞ ከገባ ገና ሳይወጣ ያፍነዋል። አፍንጫችሁን ሰንፈጥ ሲያደርጋችሁ ያን ጊዜ ሎሚውን ጨምሩበት፤ አሁን ኃይሉ ባለበት ይጸናል። ቀይ ሽንኩርቱንም ደቀቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ በሎሚ ጭማቂና በቁንጥር ጨው ለጥቂት ጊዜ አቆዩት፤ ቁጣው ይበርድለታል። ከዚያ ሁሉንም ከቃሪያና ከዘይት ጋር አዋሕዱ። ለሁለት ብርጭቆ ምስር የ3 ትናንሽ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል፤ ቀምሳችሁ ጨምሩ።

ለጎመን ደግሞ ሎሚውን ገበታ ላይ አቅርቡት። ድስት ውስጥ ከገባ አረንጓዴው ቀለም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሳህን ላይ ሲጨመቅ ግን ቀለሙም ይጠበቃል፣ ጥቅሙም ይበልጣል። በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከጎመን፣ ከምስርና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። ይኸው ቫይታሚን ሙቀት አይወድም፤ ጥሬው የሚመረጠው ለዚህም ነው። ነፍሰ ጡር ያለባችሁ ቤት፣ ልጆች የምታሳድጉ እናቶች፣ ይህን አትርሱ። ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ ራቅ አድርጋችሁ ጠጡ።

ሎሚ ያለበትን ነገር በአሉሚኒየም ዕቃ አታብስሉ፣ አታሳድሩም። ኮምጣጣው ከብረቱ ጋር ይነካካና ምግቡ የብረት ጣዕም ያመጣል። የማይዝግ ብረት፣ ሸክላ ወይም ብርጭቆ ይሻላል።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝን የጾም ኬክ ልንገራችሁ። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ በሌለበት ሊጡን የሚያነሳው ማነው? ሎሚው ነው። ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ አየር ይፈጥራሉ፤ ሊጡን የሚያሳብጠው ያ አየር ነው። አንድ ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያዙ። በሌላ ዕቃ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይሁን።

ታዲያ ልብ በሉ፦ የጭማቂው ኮምጣጣነት በሶዳው ስለሚያልቅ ኬኩ ሎሚ ሎሚ እንዲል የሚያደርገው ልጣጩ ነው። የሎሚው መዓዛ ያለው በልጣጩ ላይ ባሉት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ልጣጩን ስታጥፉት ፍንጥቅ የሚለው እሱ ነው። የ2 ሎሚ ልጣጭ በካሮት መፈቅፈቂያው ደቃቅ ጎን ላይ ላዩን ብቻ ፈቅፍቁ። ነጩ ሲመጣ አቁሙ፤ ነጩ መራራ ነው። የተፈቀፈቀውን ከስኳሩ ጋር በጣታችሁ እሹት። ስኳሩ ረጠብ ሲልና መዓዛው ቤቱን ሲሞላው ዘይቱ ወጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ደረቁን ከእርጥቡ አገናኙና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ። ብዙ ከታሸ ይደርቃል። ምድጃው አስቀድሞ በ180 ዲግሪ ይጋል፤ ሊጡ እንደተቀላቀለ ወዲያው ይግባ። «ቡና አፍልቼ ልምጣ» ካላችሁ የተፈጠረው አየር ያመልጥና ኬኩ ተጣብቆ ይቀራል። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ በኋላ በስንጥር ወጋ አድርጋችሁ እዩ፤ ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ኮምጠጥ እንዲል የምትፈልጉ 2 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ በ3 ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ ኬኩ ሳይቀዘቅዝ ላዩ ላይ አፍስሱበት።

የሶዳውን ልክ የቀነስኩት አውቄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በደጋ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጥ ውስጥ ያለው አየር በፍጥነት ይለጠጣል፤ ኬኩ ሳይጸና ይነሳና መሐሉ ይሰምጣል። ከውጭ አገር የመጣ የኬክ አሠራር ስታነቡ ቤኪንግ ፓውደሩን ከሩብ እስከ ግማሽ ቀንሱ፣ ውሃውን ትንሽ ጨምሩ። እንደ ጅዳ ባለ የባሕር ዳርቻ ከተማ ያላችሁ ግን ሶዳውን አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ አድርጉት።

ለፍስኩ ጊዜ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ በአንድ ኩባያ ወተት ላይ ጨምቃችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ወተቱ ቋጠር ቋጠር ይላል። ይህ በሶዳ ለሚነሳ ኬክም ሆነ ለፓንኬክ ይሆናል፤ የጋገራችሁትንም ያለሰልሰዋል።

ስለ ጤናም ሁለት ቃል ልጨምር። ሎሚ እጃችሁ ወይም ፊታችሁ ላይ እያለ ፀሐይ አትሙቁ፤ ቆዳ አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ሎሚ ስትጨምቁ ውላችሁ ወደ ውጭ ከመውጣታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ፤ ልጆችንም ፊታቸውን በሎሚ አትቀቡ። ጉንፋን ሲይዛችሁ ሻይ በሎሚና በማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ጓሮ ያላችሁ አንድ የሎሚ ችግኝ ትከሉ። ከፍሬ የበቀለ ዓመታት ያስጠብቃል፤ ቢሆንም ይተከል። ሲያፈራም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶች ቃል አስቡና ለጎረቤት አካፍሉ። የተረፈውን ጭማቂ በበረዶ መሥሪያው ውስጥ አቀዝቅዛችሁ አስቀምጡ፤ ለክፉ ቀን ይሆናችኋል። ልጆቻችሁንም ሴት ወንድ ሳትሉ ከአጠገባችሁ አቁሙና ሎሚው የሚገባበትን ሰዓት አሳዩአቸው። «ጠብ አድርግበት» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው፤ ለምን እንደሆነም ንገሯቸው።